እሳት ያልነካው ወተት

አያቴን አላህ ይማራቸው። በደርግ ጊዜ፣ ሆሳዕና አጠገብ ሌሞ ባለው ቤታችን፣ ገና የታለበውን ወተት ሳይፈላ ቢስሚላህ ብለው ይጎነጩና ዋንጫውን ለእኔ ያቀብሉኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ከሆሳዕና የመጣ የእንስሳት ሐኪም ላማችንን አንገቷ ላይ የምርመራ መርፌ ወጋት። ከቀናት በኋላ ተመልሶ እብጠቱን ዳሰሰ።

«አባባ፣ የሳንባ ነቀርሳ አለባት፤ ወተቷ ሳይፈላ ከተጠጣ ወደ ሰው ይተላለፋል። ነጭ የደም ሴሎቿ ተህዋሲውን ስለሚያውቁት ነው ያበጠው።»

«ካወቁት ለምን አይገድሉትም?»

«ከበው ያስሩታል። ሰውነት ሲደክም ግን ያመልጣል።»

«እንደ ቀበሌያችን ዘበኛ ነው በለኛ! ካንቀላፋ እስረኛው ሄደ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ። «ለልጅቷ አፍይላት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እሳት የነካው ወተት አልለምድም።»

በእርጅና ሲደክሙ ሳል ያዛቸው፤ በዚያው ሄዱ።

ዛሬ ከአገሬ ርቄ እኖራለሁ። ቀምሶ የሚያቀብለኝ የለም። ሥራ ልገባ ስመረመር ክንዴ ላይ የተወጋሁት ቦታ አበጠ። ሐኪሟ «አልታመምሽም፤ የነቀርሳው ተህዋሲ ግን ውስጥሽ ተኝቷል» አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ኖሯል ማለት ነው።

ከሶላት በኋላ ለአያቴ ዱዓ አደርጋለሁ። ሳል በያዘኝ ቁጥር ግን ድምፁ የእሳቸው ይመስለኝና፣ ትንፋሼን ይዤ ደረቴን አዳምጣለሁ።