ያልደረሰው የማርያም ጃንጥላ

ነፍስ አባቴ በየጾሙ መግቢያ ያናዝዙኛል። የተጣላሁትን፣ ያማሁትን፣ ጾም የገደፍኩበትን ቀን ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ስጨርስ «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። ሌላ አለ። አሥራ ሁለት ዓመት በሆዴ ይዤው፣ ለባሌም ለእናቴም ሳልተነፍሰው ኖሬያለሁ። እናንተ የምታነቡት ዛሬ አናዝዙኝ። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነውና በእሱ አትፍረዱብኝ። በሥራዬ ግን ፍረዱ።

ጊዜው ጣሊያን ጎንደርን ይዞ የተቀመጠበት ነበር። የእኛ መንደር ደንብያ ውስጥ ነው፤ ከጣና ብዙም አይርቅ። ባሌ ጫካ ገብቷል። እኔ ስድስት ዓመት ከሞላት ልጄ ከየሺ ጋር ቤት ዘግቼ እኖራለሁ። የአርበኛ ልጅ መሆኗ እንዳይታወቅ ብዬ እንዳታወራ፣ እንዳታለቅስ፣ እንዳትስቅ አስተማርኳት። ሳቅ ምን አደረገኝ? ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ማኪና በሰማሁ ቁጥር አፏን በእጄ እይዝ ነበር። ኋላ ኋላ እኔ ሳልነካት በገዛ እጇ አፏን መያዝ ለመደች።

ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ በዕድሜ ታላቄ ናት። አንድ ልጇን አለባቸውን ጣሊያን አስሮባት ነበር። «ልጄን ብታስፈቺልኝ ጃንጥላ አገባልሻለሁ» ብላ ከሐይቁ ዳር ላለችው ማርያም ተሳለች። ተፈታ። እሷም ከጎንደር በነጋዴ ቀይ ጃንጥላ አስመጣች፤ ዙሪያውን ቢጫ ዘርፍ በእጇ ሰፋችለት። ግን እግሯ አብጦ ከመደብ መነሳት አቃታት። ልጇንም እንዳትልከው፣ ወታደር መንገድ ላይ ወንድ ሲያይ ያስቀራል።

«አንቺ በአዘቦት ቀን አድርሺልኝ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ በእጃቸው ስጪ» አለችኝ። «እንዳትከፍቺው እንግዲህ። አንዴ የእሷ ከተባለ የሰው ራስ አይጠለልበትም። ስለቴ ካልደረሰ የሰጠችኝን መልሳ ትወስድብኛለች።»

እሺ አልኩ። እኔ ነኝ እሺ ያልኩት።

የሺን ይዤ ወጣሁ። መንገዱ መንገድም አይባል፤ ሽርሽር ነው። በዋንዛና በዋርካ ጥላ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ ሣር ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ውሃው። ዳገት የለው፣ ገደል የለው፤ ነፍሰ ጡር እንኳ ሳታርፍ ትጨርሰዋለች። ዛፎቹ መሃል አንድ ጉሬዛ ነጭ ጭራውን አንዘርፍፎ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ዘለለ። የሺ አየችውና አፏን በእጇ ያዘች።

«እማ፣ እዚህም ዝም ልበል?» አለችኝ።

ይህን ስሰማ ምን እንደሆንኩ በምን ልንገራችሁ? ዙሪያዬን አየሁ። ወታደር የለ፣ ማኪና የለ። «እዚህስ ጩኺ» አልኳት። መጮህ አቃታት፤ እንደ ጫጩት ጺው አለች። እኔ እልል ብዬ አሳየኋት። ጉሬዛው ደንግጦ ሸሸ። ያኔ ፈገግ አለች።

ሜዳው ላይ ወጣን። ኅዳር ነበርና ሣሩ እስከ ደረቷ ይደርሳል። ጃንጥላውን ከነጠላዬ ሥር አወጣሁት። ለምን? ፀሐይ ልከልልላት? አይደለም፤ እናንተን ደግሞ አልዋሽም። ልትስቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ያቺን ጥቂት በምን እንደምሞላት ሳስብ እጄ ላይ ያለው እሱ ብቻ ሆነ። ከፈትኩት። የማርያምን ጃንጥላ ከፈትኩት። የሺ ነጠቀችኝና ሮጠች። ያቺ ከቤት ወጥታ የማታውቅ ልጅ ሮጠች፤ ዘርፉ ይርገፈገፋል፣ እሷ ትስቃለች። ሳቋ ወፍራም ነው። ለካ ልጄ የአባቷን ሳቅ ነው የምትስቀው! እኔም ነጠላዬን ታጥቄ ተከተልኳት። ሣሩ ውስጥ ወደቅን፣ ተነሳን፣ ደግሞ ወደቅን።

ነፋስ ተነሳና ጃንጥላውን ከእጇ ነጠቃት። ተንከባሎ ውሃው ላይ ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ በታንኳ ዓሣ ያጠምዱ ነበር።

«አያ፣ ደርሰው ያዙልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምነው አንቺ ሴት፣ ዓሣውን ፀሐይ እንዳይመታው ነው?» አሉ።

ቀዝፈው ደረሱና በመቅዘፊያቸው ሊስቡት ሲሞክሩ ተገለበጠ፤ ውሃ ሞላውና ሰመጠ። «በቃ፣ እንግዲህ ጉማሬው እንደ ደጃዝማች በጥላ ይሄዳል!» አሉ። የሺ ሆዷን ይዛ ተንከባለለች። እኔስ? ማልቀስ ሲገባኝ ሳቅኩ። የሰው እናት ስለት ውሃ ሲበላው ቆሜ እያየሁ ሳቅኩ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ስመለስ ገና ከደጇ ሳልገባ «ደረሰልኝ?» አለችኝ እትዬ ጥሩነሽ።

«ደርሷል።»

«ገበዙ ምን አሉ?»

«ሸጋ ጃንጥላ ነው አሉ።»

ማን አስገደደኝ? ማንም። እጄን ስባ ሳመችው።

በወሩ ማኪና መጣና አለባቸውን ከመንደሩ ጎልማሶች ጋር ለመንገድ ሥራ ወደ ደባርቅ በኩል ጭኖ ሄደ። እኔ አስወሰድኩት አልኩ። ጃንጥላው ነው አልኩ። ጣሊያን እስኪለቅ ድረስ የእናቱን ፊት ቀና ብዬ አላየሁም። ጣሊያን ሲለቅ አለባቸው መጣ፤ ከስቶ፣ ጥርሱ ወልቆ፣ ግን በእግሩ እየሄደ! እልልታው መንደሩን አናወጠው። እትዬ ጥሩነሽ ከዚያ ሁሉ ሰው መርጣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ «ስለቴን ባታደርሺልኝ ኖሮ እዚያው ይቀርብኝ ነበር» አለችኝ። እኔም አንገቷን ይዤ ሳምኳት።

ኋላ ሌላ ጃንጥላ ገዝቼ ለማርያም ወስጃለሁ፤ ለገበዙ በእጃቸው ሰጥቻለሁ። ግን ዘርፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የእናት ስለት በሌላ ሴት ክር ይተካል? አላውቅም።

ለነፍስ አባቴ ያልነገርኩት ንስሐውን ፈርቼ አይደለም። ስግደቱን እሰግደዋለሁ። «ተጸጽተሻል ወይ?» ይሉኛል፤ እሱን ነው የፈራሁት።

እትዬ ጥሩነሽ፣ ይህን ሰው ያነብልሻል። አደራሽን በልቻለሁ፤ ደርሷል ብዬ ዋሽቼሻለሁ፤ ምስጋናሽን ሳይገባኝ ተቀብያለሁ። ስለዚህ ሁሉ እግርሽ ላይ እወድቃለሁ። ለምን ከፈትሽው ብትዪኝ ግን፣ ያን ሜዳ ዛሬ ብታሳዪኝ፣ ልጄን መልሰሽ ስድስት ዓመት ብታደርጊልኝ፣ አሁንም እከፍተዋለሁ። ይህን ይቅር ማለት ከቻልሽ በይኝ። ካልቻልሽም እውነትሽን ነው።