ባምባሲ ደርሶ የሚመለስ ሳይክል

ውድነህ ያን ባዶ የሳይክል ፍሬም በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ መንደር ሰባትን ሲያቋርጥ ያልሳቀበት ሰው አልነበረም። ጎማ የለው፣ መሪ የለው፣ ሰንሰለት የለው። የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር መጥቶ የነበረው ጣሊያናዊ መሐንዲስ አገሩ ሊመለስ ሲል ዕቃውን ለሰፋሪው አከፋፍሎ ነበርና፣ ቀልጣፋ ቀልጣፋው ሳይክሉን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፍሎታል። አንዱ እግሮቹን ለእጅ ጋሪ፣ ሌላው መሪውን ለልብስ መስቀያ ወሰደ። የተረፈው አጥንቱ ነው። ለውድነህም የደረሰው አጥንቱ ነው፤ ግን ቀርቶለት ሳይሆን መርጦ ነው የወሰደው።

«ይኸ ሰውዬ ቆርቆሮ ታቅፎ ይስቃል፤ ፀሐይ መታው እንዴ?» ተባባሉ።

ይሳቁ! ወጣትነቱን ኮምቦልቻ ላይ ሳይክል ሲጠግን የጨረሰ ሰው ምን ቢያዩት ነው ቆርቆሮና ብረት የማይለይ የሚመስላቸው? መሐንዲሱ ቲታኒየም ብሎታል፤ አውሮፕላን የሚሠራበት፣ ከብረት የቀለለ፣ ዝናብ ቢወርድበት ዝገት የማያውቅ ማዕድን ነው። ውድነህ ፍሬሙን በጥፍሩ ኳ ሲያደርገው ልቡም አብሮ ኳ ይላል። ደግሞም ያን ሰሞን ያስቀው የነበረው ሳይክሉ ብቻ አልነበረም።

እህል የጫነ የከባድ መኪና ሾፌር ወሬ ይዞለት መጥቷል፤ ወይንሸት በሕይወት አለች። ሚስቱ! በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወሎ ውስጥ ከአንድ መጠለያ ተነሥተው በሁለት አውቶቡስ ተለያዩ። እሱ አሶሳ ወረደ። የእሷ አውቶቡስ የት እንዳራገፋት የሚነግረው አጥቶ ሦስት ክረምት አለፈ። ሞታለች ብሎ ተዝካር እንዳያወጣ ልቡ እምቢ አለው፤ አለች ብሎ እንዳይጠብቅ ሰው ታዘበው። ለካስ ባምባሲ አጠገብ ካለ ሌላ የሰፈራ መንደር በቆሎ ስትኮተኩት ኖራለች! እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኸው ነው።

የመንደሩ ሊቀመንበር ጓድ ፈንታ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ነበር እንጂ። ያለ ይለፍ ከመንደር የወጣ ሰው ኮብላይ ነው፤ ኮብላይ ሲበዛ የሚጠየቀው ደግሞ ሊቀመንበሩ ነው። ከባምባሲው መንደር ሊቀመንበር ጋር ተነጋግሮ ወይንሸት ወደ ባሏ እንድትዛወር አስፈቀደ። መኪና ግን የለም አለ።

«መኪናው ሁሉ ለዘር ማመላለሻ ተይዟል። ቅዳሜ የአንድ ቀን ይለፍ እሰጥሃለሁ። በጀምበር ሄደህ በጀምበር ይዘሃት ትመለሳለህ። ጀምበር ከጠለቀችባችሁ ኮበለሉ ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ። አሳስረሃት ታርፋለህ፤ አልነገርከኝም እንዳትለኝ።»

«በእግር በጀምበር ደርሶ መመለስ ይቻላል እንዴ ጓድ ሊቀመንበር?»

«አንተ ሳይክል እሠራለሁ ብለህ የለም ወይ? ሥራዋ! ግን ከዚያ በኋላ የመንደሩ ናት። መድኃኒት ታመጣለች፣ ዘር ትጭናለች፣ መልእክት ታደርሳለች።»

«ሁሉንም ትችላለች!» አለ ውድነህ፣ እግር እንኳ ሳይኖራት።

በነጋታው የአሶሳ ገበያ ነበር። ባቢከር የሚባለው የበርታ ነጋዴ ከሱዳን በኩል የመጣ አሮጌ የሳይክል ዕቃ በየጣሳውና በየከረጢቱ አጭቆ ይሸጣል። ውድነህ ገንዘብ ባይኖረውም እጅ አለው፤ የባቢከርን የተበላሸ ስፌት መኪና ሊያነሣለት፣ እሱም በለውጡ የሚበቃውን ዕቃ ሊሰጠው ተስማሙ። ከዚያማ ውድነህ ከረጢቱ ውስጥ እስከ ክንዱ ገባ። ያ ደስታ! ሙሽራም ጌጧን እንዲህ አልመረጠች።

መጀመሪያ እግሮቹ። ቀጭን አለ፣ ይፈጥናል፤ ኮረኮንች ላይ ግን ይጣመማል። ወፍራም አለ፣ ጭነት እንደያዘ ጉድጓድ ይዘላል፤ ዳገት ላይ ግን ነፍስ ያወጣል።

«ያ ውድነህ፣ ሚስት ይከብዳል ወይስ ይቀላል?» ሲል በዐረብኛ ቅላጼው ጠየቀው ባቢከር።

«ያኔ እንደ ላባ ነበረች፤ ረኃብ ነበራ። አሁን እንጃ።»

«እንግዲያ ኋላ ወፍራም፣ ፊት ቀጭን። ወላሂ ይሄ ወፍራም ጎማ ካርቱም ወተት ሲያመላልስ ኖሯል። ኸላስ፣ በቃ፣ ውሰድ።»

እንደዚያው ሆነ። ሰንሰለቱን ወደ ጎን አጎበጠው፤ ብዙ የሚጎብጠው ያለቀ ነውና ሦስቱን ጥሎ አራተኛውን ያዘ። ለኋላው እግር ሰንሰለቱ የሚዞርበት ሰፋ ያለ ጥርስ መረጠ፤ ሜዳ ላይ ቢያዘገይም ዳገት ላይ እግዜር ይስጥልኝ ያሰኛል። መሪው ሰፊና ከፍ ያለ፣ ወገብ የማያጎብጥ። ፍሬኑ ጎማ የለበሰ፤ ሁለት ሰው ቁልቁለት ሲወርድ ያለ ፍሬን በጸሎት ብቻ አይቆምም። ፔዳሉ ሰፊ፣ በረባሶ የማያንሸራትት። የሚገጥመውን ዕቃ ባገኘ ቁጥር «እልል!» ይላል፤ ባቢከርም የሰውዬው ደስታ ተጋብቶበት ያልተጠየቀውን ከረጢት ሁሉ ዘረገፈለት።

መንደር ሲገባ ደግሞ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው የሚባለው ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ የመብራት ዲናሞ ግጠምለት አለ፤ ቀን ለቀን ለሚሄድ ሳይክል! ሌላው የፊት ዘንቢል ካልኖረው ለቄስ አይሆንም አለ። ቄሱ ራሳቸው አልጠየቁም። ውድነህ አብሽሩ እያለ የሚፈልገውን ብቻ ገጠመ። ከሁሉም ከሁሉም የደከመበት ፖርቶመጋላው ነው፤ ከኮርቻው በስተኋላ ዕቃ የሚጫንበት፣ ወይንሸት የምትቀመጥበት። ወፍራም የብረት ዘንግ አገኘ፣ አጎበጠ፣ አልጋ የሚያክል አደረገው። ብርድ ልብስ አጣጥፎም በላዩ ሰፋበት።

ጣጣው ሲገጣጠም መጣ። አሶሳ ያለው በያጅ እሳቱን ቢያዘንብበት ያ የአውሮፕላን ማዕድን ብየዳ አልቀበልም አለ፤ የብረቱ ዘንግ ተጣብቆ ሳይውል ሳያድር ኳ ብሎ ይወድቃል። ውድነህ ግን የገበሬ ልጅ ነው። አባቱ ሞፈርና ቀንበር የሚያስሩት በብየዳ ነበር እንዴ? ጥሬ የበሬ ቆዳ ቀደደ፣ ነከረ፣ እርጥቡን እየጎተተ ፖርቶመጋላውን ከፍሬሙ ጋር ጠፈረው። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ሆነ። ሁለት ጎረምሳ ተቀመጡበት፤ ንቅንቅ አላለም። የወሎ ሰው ጠፍር ያውቃል ብሎ ደረቱን ነፋ። ግንቦት ገብቶ ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወጣ። አበረራት! መሬቱ ከሥሩ ይሸሻል፤ ቁልቁለቱን እንደ ልጅ እየጮኸ ወረደ። ዳገቱ ላይ ያ ሰፊ ጥርስ ሲሠራ፣ ፍሬሙ ከጭኑ በታች ምንም እንደሌለ ሲቀል «ወይንዬ መጣሁ!» ብሎ ለጫካው ተናገረ። የቀርከሃው ጫካ ግራና ቀኝ ይከተለዋል። ከመንገዱ አጋማሽ በላይ ሲሄድ ጀምበር ገና ጠዋት ላይ ነበረች።

ከዚያ ዝናብ ወረደ። የአሶሳ ዝናብ እንደ ወሎ እያዋዛ አይመጣም፤ በርሜል ነው የሚደፋው። ውድነህ መጀመሪያ ሳቀበት። ፍሬሙ አይዝግ፣ እሱም ስኳር አይደል አይሟሟ። ትንሽ ሄዶ ግን ከኋላው አንድ ነገር ግድግድ አለ። ወርዶ ቢያይ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀው ቆዳ ረጥቦ እንደ አንጀት ተንጠልጥሏል። በድርቅ አገር ያደገ ሰው ቆዳ መጠፈሩን እንጂ ዝናብ ሲጠግብ መልቀቁን ከየት ይወቀው? ዳግም ቢያጠብቀው ይለቃል። በአባቱም በበሬውም ላይ ተማረረ፤ ከዚያ ፖርቶመጋላውን ከነብርድ ልብሱ ጀርባው ላይ አዝሎ ተነሣ። አሁን ልቡ ፈራ። በምን ላይ ሊያስቀምጣት ነው? በእግሯ ብትሄድ ጀምበር ትጠልቃለች፤ ጀምበር ከጠለቀች ደግሞ እስር ነው።

ወይንሸት ከጎጆዋ ደጃፍ ቆማ ነበር ያየችው፤ ጭቃ የለበሰ፣ ሳይክል የሚነዳ፣ አልጋ የመሰለ ብረት ያዘለ ሰው። አልሮጠችም። ተጠግታ ፊቱን በመዳፏ ጠረገችለት።

«ውዴ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀው ቃል ነበር፤ ብን ብሎ ጠፋበት።

«ሳይክል ሠራሁ» አላት።

ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ እሱም። ጎረቤቷ ኦቦ ነገራ፣ እንደ ልጃቸው ያኖሯት የአገሩ ገበሬ፣ ለቅሶው እስኪበርድ ጠብቀው ጠንካራ የቃጫ ገመድ ይዘው መጡ። «እንኩ፣ እሰሩበት። ጀምበሩ አይጠብቃችሁም» አሉ። ዝናቡም አባርቶ ነበር። ውድነህ ተንበርክኮ ያስር ጀመር። ገመዱ ያዘ! ፊቱ በራ።

«እዚያ ላይ ነው የምቀመጠው?» አለች ወይንሸት።

«ይመቻል፣ ብርድ ልብስ አለው።»

«ከኋላህ?»

«አዎ። የኋላው እግር ወፍራም ነው፣ አይጥልሽም።»

«ከኋላህ አልቀመጥም።»

ቀና ብሎ አያት። ስታሾፍ አልነበረም።

«ያን ለት መጠለያው በር ላይ ከኋላህ ነበር የቆምኩት። አንተ አልፈህ አውቶቡሱ ውስጥ ስትገባ አስጫኞቹ እኔ ላይ ሲደርሱ ሞላ ብለው ገመድ ዘረጉ። ስጠራህ፣ ስጠራህ፣ ዞር አላልክም።»

«አልሰማሁም ወይንዬ። በእናቴ ሞት አልሰማሁም።»

«አውቃለሁ። ኡኡታ ነበር። ቢሆንም ከኋላህ አልቀመጥም።»

ውድነህ ያሰረውን ገመድ ፈታ። ፖርቶመጋላውን ለኦቦ ነገራ ሰጣቸው፤ ጓድ ፈንታ ዘሩን በምን ይጭናል ቢባል ራሱ ይጨነቅበት። የልብስ ጥቅሏን መሪው ላይ አንጠለጠለ፣ ብርድ ልብሱን ከኮርቻው ፊት ባለው የፍሬሙ አግዳሚ ላይ ጠቀለለ፣ ወይንሸትም በሁለት ክንዶቹ መሀል ወጥታ በጎን ተቀመጠች። በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያየ፣ በባሏ እቅፍ! ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ፤ አንዷ እልል አለች። ወይንሸት «ይሳቁ» አለችና ነጠላዋን አጠበቀች።

መሪው ትንሽ ዋለለ፣ ከዚያ ቀና። ላባ አልነበረችም፤ ተመስገን ነው። ጀምበር ገና ከፍ ያለች ናት። የነጠላዋ ጫፍ ፊቱን እየመታው፣ አንገቷ ሥር እያየ፣ የመጀመሪያውን ዳገት ያዘ።

«ውዴ» አለችው ቀስ ብላ።

«ወዬ» አለ።

ምንም አልፈለገችም። ጥቂት ቆይታ ደገመችው።

«ውዴ።»

«ወዬ!» አለ ውድነህ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።