ማንም የማይነካው አማካይ

የልጅ ልጄ ሜዳ ላይ «ችንካር» በሚል ቅጽል ስም ነበር የሚታወቀው። መሃል ሜዳ ላይ አንዴ ከተተከለ የሚነቅለው አልነበረምና። ሩጫው ያን ያህል አይደለም፤ ጎል ማግባትም ብዙ አልሆነለትም፤ ነገር ግን ኳስ ከእግሩ ሥር ሊወስድ የሚመጣ ሁሉ ወይ ባዶውን ይመለሳል፣ ወይ እያነከሰ ይመለሳል። አሥራ አራት ዓመት በአንድ ክለብ ውስጥ ሲረግጥና ሲረገጥ ኖረ። ያሳደግኩት እኔ ስለሆንኩ ቅልጥሙን ከፊቱ ይልቅ አውቀዋለሁ፤ ከጨዋታ ሲመለስ ያበጠውን በቀዝቃዛ ጨርቅ የምይዝለት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ታመመ። ሆዱ ውስጥ እጢ ተገኘ፤ ሰው ስሙን ለመጥራት ፈርቶ «ያ በሽታ» የሚለው ዓይነት። በቀዶ ሕክምና አወጡለት። ቀጥሎ የተሰጠው መድኃኒት መጀመሪያ ጸጉሩን፣ ከዚያ ሥጋውን፣ በመጨረሻም ቀልዱን ወሰደበት። የክለቡ ሊቀመንበር አንድ ቀን ሊጠይቁት መጡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጁን ይዘው ፎቶ ተነሱ፤ «አንተ የክለባችን ዓምድ ነህ» አሉት፤ ከበር ሲወጡ ደግሞ ለቡድኑ ወጌሻ «በል ማልያውን ለሌላ ሰው ስጥ» አሉት። ሹክ ማለታቸው ነበር። ግን ስብሰባ የለመደ ጉሮሮ ሹክ ማለት አይችልም።

ደግነቱ ዳነ። ሐኪሟ ሆዱን በጣቶቿ ጫን ጫን አድርጋ ካየችው በኋላ «ሂድና ተጫወት፤ ካሁን በኋላ የሚያሳምምህ ያሰልጣኝህ ጩኸት ብቻ ነው» አለችው። ይህን የሰማነው እሱ፣ ሚስቱና እኔ ነን። ሌላው ሰው አልሰማም፤ ቢሰማም አላመነም። ከሰማነውም ውስጥ ሚስቱ አላመነችም። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ በሩ አጠገብ ነው፣ የውሃው ጀሪካንም እዚያው ነው የሚቀመጠው። እሱ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ግቢው ቧንቧ ሊሄድ እጁን ሲዘረጋ፣ ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ብድግ ብላ ትነጥቀዋለች።

«ስጪኝ እንጂ፣ ውሃ እኮ ነው።»

«አንተ ተቀመጥ የኔ ጌታ። ሆድህን።»

«ሆዴማ ተሰፍቷል።»

«ስፌት ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው» ትለዋለች።

ወደ ሜዳ የተመለሰ ቀን የገባው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው። ቡድኑ እየተሸነፈ ስለነበር፣ ደጋፊው የሚያጨበጭብለት ነገር እንዲያገኝ ነው ያስገቡት። ኳስ ደረሰው። አንድ ወጣት ሊቀማው እየሮጠ መጣ፤ ማን መሆኑን ሲያይ ፍሬን እንደተያዘበት መኪና ቀጥ አለ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ «እግዜር ይማርህ ወንድሜ» አለው። ልጄ የሚያቀብለው ሰው ፈልጎ ጥቂት ገፋ። የሚቀርበው ጠፋ። ተከላካዮቹ ነፋስ እንደነካው የበር መጋረጃ ግራና ቀኝ ተከፈሉ። የቀረው በረኛው ነበር፤ እሱም ኳሱ ወዳለበት ሳይሆን ወደሌለበት ወደቀ። ገባ። ሰው ሁሉ ተነስቶ አለቀሰ። ጎል ያገባው ሰውዬ ግን ያገባበትን እግር ቁልቁል እያየ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ሬዲዮው «ከሕመሙ በኋላ ፍጥነት ጨምሮ መጥቷል» አለ። ጋዜጣው ደግሞ «ሊቆጣጠሩት ያልቻሉት አማካይ» ብሎ ጻፈ። እኔ ጋዜጣ የማነበው ቀስ ብዬ ነው፤ ስለዚህ ውሸት በቶሎ አያልፈኝም። አልቻሉም ሳይሆን አልሞከሩም ነው።

ከዚያ ወዲያ በየጨዋታው ይኸው ሆነ። የተጋጣሚ አሰልጣኝ ከመስመር ዳር ቆሞ «አደራ፣ አደራ እንዳትነኩት» እያለ ይጮኻል። «እሱን የገደለው እገሌ ነው» መባልን ሁሉም ፈራ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ ለተከላካዮቹ ግን ሰማዩም ከራሳቸው በላይ ዝቅ ብሎ ያያቸው ነበር። ደጋፊው ሳይቀር ችንካር ማለቱን ትቶ «አደራ» ይለው ጀመር። አሰልጣኙም ብልህ ሰው ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያሠምረው የነበረውን ያን ሁሉ ቀስት አጠፋና አንድ ብቻ አስቀረ፤ ከልጄ እግር ተነስቶ ቀጥታ ጎሉ ውስጥ የሚገባ። ለሌሎቹ አሥሩ የሰጣቸው ትእዛዝ መንገድ እንዳይዘጉበት ነው። ክለቡ ማሸነፍ ጀመረ።

ሊቀመንበሩም እንደገና ቤታችን መጡ፤ በዚህኛው ጊዜ ያለ ፎቶ አንሺ። ልጄ ልምምድ ላይ ነበር። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው። ምግቡን ባያበዙበት።»

«ምን አሉ?»

«ጉንጩ እየሞላ ነው። ባለፈው ጨዋታ አንድ ተከላካይ ሊጠጋው ከጀለ። ደህና መሰለው።»

«ደህና ነው እኮ ጌታዬ።»

«እሱማ ደህና ነው፣ ተመስገን። ግን ባይመስል። ጸጉሩም መብቀል ጀምሯል፤ ቢላጨው ነው የሚሻለው። ደግሞ ወደ ሜዳ ሲገባ ትንሽ ቢያስል አይከፋም።»

«የታመመው ሆዱ ነው እንጂ ሳንባው አይደለም» አለች ሚስቱ፣ ከመኪናዋ ቀና ሳትል።

«ሆድ ከሩቅ አይሰማም የኔ ልጅ» አሏት በትዕግሥት። «ሳል ግን ይሰማል።»

ማታ ይህን ስነግረው ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ጫማውን እያወለቀ «ዛሬ ልምምድ ላይ የአንዱን ጣት ሆን ብዬ ረገጥኩት» አለኝ።

«እሱስ ምን አለህ?»

«ይቅርታ ጠየቀኝ። እግሬን ያለ ቦታው አስቀምጬው ነው አለኝ።»

የሻምፒዮናው የመጨረሻ ጨዋታ ሲቃረብ፣ ያን ቀን የሚገጥመው ቡድን ተከላካይ ሊጠይቀው መጣ። ይህን ሰው «መዶሻ» ነው የሚሉት። ከልጄ ጋር በአንድ ሰፈር አድገው፣ በተለያየ ክለብ ተጫውተው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲደባደቡ የኖሩ ጓደኞች ናቸው። መዶሻና ችንካር የተገናኙ ቀን ድምፁ ከስታዲየሙ ውጪ ይሰማል ይባል ነበር። በሩን ጎንበስ ብሎ ገባና በፌስታል የያዘውን ብርቱካን ለእኔ ሰጥቶ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እግዜር ይማርህ» አለው።

«ከዳንኩ እኮ ቆየሁ።»

«ቢሆንም።»

«እሁድ ትገጥመኛለህ።»

«እንግዲህ በሩቁ እገጥምሃለሁ።»

«በሩቁ አይደለም። እንድትመታኝ ነው የምፈልገው።»

«ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?» አለ መዶሻ፤ ወዲያው ያወጣውን ቃል ሰምቶ አፉን በመዳፉ ያዘ።

«አለኝ። ችግሬ እሱ ነው» አለ ልጄ። «ኳስ እየተጫወትኩ እኮ አይደለም። ቀብር ሲያልፍ ሰው ዳር ይዞ እንደሚያሳልፍ ነው የሚያሳልፉኝ። አሁንም ተጫዋች ልሁን አልሁን አላውቀውም። የሚገፋኝ ካላገኘሁ በምን አውቃለሁ? ካልቻልኩ ልተወዋ፤ ከቻልኩም ልጫወት።»

«አንተን ነክቼህ አንድ ነገር ብትሆን በዚህ ከተማ ማን ዳቦ ይሸጥልኛል? እናቴ ራሷ በር ትዘጋብኛለች። በጸሎቷ የምታነሳው አንተን ነው፤ እኔን ከረሳችኝ ቆየች።»

«ድሮ ስትመታኝ እናትህን አስፈቅደህ ነበር?»

«ድሮማ አንተን እሷም ትጠላህ ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ መዶሻ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? ልምታው?»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ብርቱካን እየላጥኩ ነበር፤ እጄ እዚያው ላይ ቀረ። ይህን ልጅ ከሞት አፍ መልሶ ለሰጠኝ ምስጋናዬን ሳልጨርስ፣ በር የሚያክል ሰው እንዲረግጥልኝ ፈቃድ ልሰጥ ነው። አይሆንም ልል አፌን ስከፍት ልጄን አየሁት። ትንሽ ሳለ ውጪ ኳስ እየተመታ እኔ ደግሞ እጁን ይዤ ስከለክለው የሚያየኝን አስተያየት ነበር የሚያየኝ።

«ከጉልበት በታች» አልኩት ለመዶሻ። «ኳሱን ደግሞ ቀድመህ።»

ሚስቱ «እማዬ፣ አንቺም?» አለችኝና ጀሪካኑን አንስታ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ጀሪካኑ ሙሉ ነበር።

እሁድ ሌላ ጊዜ በሬዲዮ የምሰማውን ልይ ብዬ ስታዲየም ሄድኩ፤ የቀረውንም ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። መዶሻ ግን ቃሉን በላ። ልጄ ሁለት ጊዜ መጣበት፤ ሁለቴም ሰውነቱን አዙሮ አሳለፈው። በሁለተኛው ጎል ሆነ። ሊቀመንበሩ ከፊት ወንበር ተነስተው ለሕዝቡ እጅ ነሱ። ልጄ ተመልሶ ሲሮጥ መዶሻ አጠገብ ሲደርስ የሆነ ነገር ተናገረው፤ የእናቱን ስም ሳይጨምርበት አልቀረም። መዶሻ ወደ ተመልካቹ ቀና ብሎ ዓይኑ እየዞረ ፈለገኝ። ሲያገኘኝ፣ እግሬን ዘርግቼ ቅልጥሜን በመዳፌ መታ መታ አደረግኩለት።

ከእረፍት በኋላ ልጄ ኳስ ይዞ ሲመጣ መዶሻ በቂጡ ተንሸራቶ ገባበት። ድምፁን እኔ ያለሁበት ድረስ ሰማሁት። ኳሱ ወደ አንድ በኩል፣ ልጄ ወደ ሌላ በኩል ሄዱ። ወጌሻው ሳጥኑን ይዞ ሮጠ። ልጄ በግንባሩ ሣሩ ላይ ተደፍቷል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አለቀሰ ብዬ የፈቀድኩበትን ቀን ረገምኩ። ወጌሻው ገለበጠው። እየሳቀ ነበር።

ዳኛው ግን ቀይ ካርድ አውጥቶ መዶሻ ፊት ዘረጋው። ልጄ ብድግ ብሎ እያነከሰ ወደ ዳኛው ሄደ። በኋላ እንደነገረኝ የተባባሉት ይህን ነው።

«ኳሱን እኮ ነው ቀድሞ ያገኘው። ምን አጠፋ?»

«ስላንተ ብዬ ነው።»

«ስለኔ አትበል። ዓይን የለህም?»

ዳኛው ቢጫውን አወጣበት። ከታመመ ወዲህ ያየው የመጀመሪያ ካርድ ነው። ይዞት ቤት የሚሄድ ይመስል እጁን ሊዘረጋ ምንም አልቀረውም።

መዶሻ ወጣ፤ የተጋጣሚ ቡድን በአሥር ሰው ቀረ። ግን አሥሩም አይተዋል፤ ተመትቶ አልተሰበረም። ከዚያ በኋላማ ማን ይማረው። አንዱ በትከሻ፣ አንዱ በክርን፣ አንዱ ተረከዙን። ኳስ ተቀማ፣ ደግሞ ተቀማ። በእሱ ስህተት አቻ ሆኑ። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ «ይሄን ሽማግሌ ለምን አያስወጡትም?» አለ። ዞር ብዬ ብርቱካን ሰጠሁት። ግራ ገብቶት ተቀበለኝ።

መጨረሻ አካባቢ አንድ ጎረምሳ በሙሉ ጉልበቱ መጣበት። ልጄ ኳሱን ከእግሩ ሥር አድርጎ ጀርባውን ሰጠው፤ ጎረምሳው ገፋ፣ ደግሞ ገፋ፣ በመጨረሻ ራሱ ወደቀ። ልጄ ቀና ብሎ አየና ኳሱን ለግራ ክንፉ ሰጠ። ከዚያች ኳስ የመጣ ነገር የለም፤ ክንፉ ወደ ሰማይ መታት። እኔ ግን አየኋት። ችንካር ነበር።

ሊያልቅ ሲል ሌላ ጎል ገባባቸውና ተሸነፉ፤ ዋንጫውም ሄደ። መውጫው ላይ ሊቀመንበሩ መዶሻን ይዘው «ማን ፈቀደልህ?» ይሉታል። እሱም በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

«እማማ» አሉኝ ሊቀመንበሩ፣ «የክለቡን ንብረት እኮ አበላሹብን። ካሁን በኋላ ማን ይፈራዋል?»

«ማንም» አልኳቸው። «እኔም ዛሬ ማታ ሁለት ሳህን ነው የማበላው።»

በማግስቱ ከክለቡ ሲመለስ እያነከሰ ገባ። ጨርቁን አርጥቤ ቅልጥሙ ላይ ስይዝለት «ያማል» አለኝ፣ ጥሩ ነገር እንደበላ ሰው።

«አሰልጣኙ ምን አለህ?»

«ጮኸብኝ። እግርህ አርጅቷል፣ ስታቀብል ትዘገያለህ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነህ አለኝ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ከዚያ ቆይቶ፣ ስንመራ ግን ለማብቂያው ኳስ የሚይዝልኝ ካንተ ሌላ ሰው የለኝም አለኝ። እኔን እያየ ነው ያለው እማዬ። ጸጉሬን አይደለም።»

ሚስቱ ይህን ሁሉ ስትሰማ መርፌዋን አላቆመችም። የሰፋችውን ልብስ አዙራ አየችው፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፣ ደግሞ ሌላ እጅጌ አስገባች።

«ጀሪካኑ ባዶ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል። «እኔ ነኝ ወይስ አንተ ነህ የምትቀዳው?»

«እግሬን ተመትቼ እኮ ነው የመጣሁት» አለ።

«ቧንቧው ቅርብ ነው።»

እያጉረመረመ ተነሳ። ጨርቁ ከቅልጥሙ ወርዶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ እሱም ጀሪካኑን ይዞ እያነከሰ ወጣ። ሚስቱ ያኔ መኪናዋን አቆመች፤ ውሃው ሞልቶ ቧንቧው እስኪዘጋ ድረስ ጆሮዋን ወደ ውጪ ሰጥታ ቆየች፤ የእግሩን ኮቴ ስትሰማ ጎንበስ ብላ መስፋቷን ቀጠለች።