በስልክ የማይሳም ጉልበት

ባለቤቴ ከሕግ ትምህርት ቤት የተመረቀች ዕለት እኔና እናቷ ዖማን፣ ሙስካት፣ አል ጉብራ ሰፈር ውስጥ በአሠሪዎቻችን መኪና ተቀምጠን ነበር። ምርቃቱ ጎንደር ነው። እኔ የዚህ ቤት ሾፌር ነኝ፤ አማቴ ደግሞ የዚሁ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ወደ ሙስካት ያስመጡኝም እሳቸው ናቸው። የበፊቱ ሾፌር ሲለቅ ለእመቤቲቱ "የልጄ ባል ይነዳል፣ ዝምተኛም ነው" ብለው ነገሩልኝ።

ስልኩን አብረን የምናይበት ሌላ ቦታ አልነበረም። የአማቴ ክፍል ከኩሽናው ጀርባ ስለሆነ ወንድ አይገባበትም። የእኔ ክፍል ከውጭ በሩ አጠገብ ነው፤ እዚያም ሴት አትገባም። መኪናው ውስጥ ግን ሁልጊዜ አብረን ገበያ ስለምንሄድበት ማንም ክፉ አያስብም።

ቤተሰቡ ከምሳ በኋላ ይተኛል። ሰዓቱን ጠብቄ መኪናውን የጎረቤት አጥር ጥላ ውስጥ አስገባሁ፤ ሞተሩን ሳላጠፋ ኤሲውን ከፈትኩ። ስልኩን ነጸብራቅ በማያገኘው በኩል ዳሽቦርዱ ላይ አስደግፌ አቆምኩት። አማቴ ጥቁር አባያቸውን ለብሰው መጡ፤ በሩን ዘግተው አባያውን ሲያወልቁ ከሥሩ የሐበሻ ቀሚስ ነበር። ከሻንጣ የወጣ ስለሆነ የእጥፉ መስመር ደረታቸው ላይ ይታያል።

"እንዴት ነኝ?"

"አምሮብዎታል።"

"ውሸታም! ሾፌር ሲባል ሁሉም ውሸታም ነው። ቆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሚስትህ ትፈርድብሃለች።"

ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ግን የቀሚሱን የእጥፍ መስመር በእጃቸው ደጋግመው ይዳብሱ ነበር።

አማቴ ከአገር ሲወጡ ባለቤቴ ገና የወተት ጥርሷ አልወለቀም። ለታላቅ እህታቸው ትተዋት መጡ። ከዚያ ወዲህ ያዩአት ሁለት ጊዜ፣ ለዕረፍት ሲገቡ ብቻ ነው። "ከተመረቀች እገባለሁ" ሲሉ ኖረዋል። እመቤቲቱንም የመመለሻ ቲኬት ጠይቀዋት፣ እሷም እሺም እምቢም ሳትል "ኢንሻአላህ" ብላቸዋለች።

ከምርቃቱ ጥቂት ቀን በፊት ኩሽናው ደጃፍ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ እንዲህ አሉኝ፦ "ተመራቂ የእናቷን ጉልበት ትስማለች አይደል? የእኔን ከሳመች እናቷ ነኝ፣ እገባለሁ። ካልሳመች ግን እዚያም ሰው ቤት ነው፣ እዚህም ሰው ቤት ነው።"

"በስልክ እንዴት ትስማለች፣ እማማ?"

መላ አስበውለት ነበር። የእህታቸው ልጅ ከአክስትየዋ ጎን ባዶ ወንበር ታስቀምጣለች፤ ስልኩንም ወንበሩ ላይ ታስቀምጠዋለች። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። "ለልጄ ግን እንዳትነግሯት" ብለው እኔንም የእህታቸውንም ልጅ አስማሉን። "ተነግሯት የምትስመው ጉልበት ምን ያደርግልኛል?"

ስልኩ ሲከፈት መጀመሪያ የታየን ዝናብ ነው። ጎንደር ክረምት ነበር። ድንኳን፣ የተደራረበ ጃንጥላ፣ ጭቃ የነካው የጥቁር ካባ ጫፍ አየን። የእህታቸው ልጅ ድምፅ "እትዬ፣ ይታይሻል? ወንበሩ ላይ ላስቀምጥሽ ነው" አለ። ምስሉ ተናወጠና ቆመ። ከአክስትየዋ ጉልበትና ከፊታቸው ካለው መሬት በቀር ብዙ ነገር አይታይም።

ባለቤቴ መጣች። ካየኋት ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ቆቧን በአንድ እጇ ይዛ፣ ፀጉሯ ረጥቦ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ነበር። ጭቃው ላይ በሁለት ጉልበቷ ወደቀችና የአክስቷን ጉልበት አቀፈች። ሳመችና ቀና አለች፤ ደግማ ጎንበስ ብላ ሳመች። አክስትየዋ ጀርባዋን እየደባበሱ ሲያለቅሱ ይሰማ ነበር። ቶሎ አልተነሣችም።

አማቴ ከጎኔ ቀሚሳቸውን ወደ ታች ሳቡ። ሁለቱን ጉልበቶቻቸውን ገጠሙና ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እጃቸውን ለምርቃት ከፍ አድርገው ያዙት።

"አሁን ወደኔ ትዞራለች" አሉ በሹክሹክታ።

ዞረች። ስልኩን ስታይ ፊቷ በራ። እጇን ዘርግታ ከወንበሩ ላይ አነሣችው።

"እማ! አየሽኝ? እማዬ፣ አየሽኝ?" መስታወቱን ሳመችው፤ ምስሉ በከንፈሯ ጨለመ። "ባሌስ አለ? አንተ፣ ጠበቃ ስታስፈልግህ ክፍያ አለኝ እሺ!"

ምን ጥፋት አለባት? ስልክ ሲያዩት ያነሡታል እንጂ ማን ይንበረከክለታል? "ወንበሩ ላይ መልሺው" ልላት አፌን ከፈትኩ። አማቴ ክንዴን ያዙኝ። ጥፍራቸው ተሰማኝ።

"አየሁሽ የኔ ዓለም! እልልልል!" አሉ። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ስለሆነ እልልታው ከእኛ ጋር መኪናው ውስጥ ቀረ። መረቁ፤ ክፉ አይንካሽ፣ እውነት ፍረጂ፣ ውለጂ ክበጂ አሉ። ወዲያ ፎቶ አንሺ ጠራት፤ ስልኩ ተዘጋ።

ስልኩን ከዳሽቦርዱ ላይ አነሣሁት።

"ከስታለች" አሉ አማቴ። ቀጥለው ደግሞ፣ "ጭቃው ላይ ተንበረከከችላት፣ አየህ?"

"አየሁ።"

"ይገባታል። ጥርሷ ሲወልቅ ጣራ ላይ የወረወረችላት እሷ ናት።"

"እማማ፣ እሷ እኮ አላወቀችም። ልደውልና ልንገራት፣ አሁኑኑ—"

"ማፊ፣ አይሆንም! ነግረሃት?" አባያቸውን በቀሚሳቸው ላይ ደርበው ቁልፉን ከታች ወደ ላይ ቆለፉ። "አክስቷ ጋ ስትወድቅ ማን ነገራት?"

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። 

አስር ሰዓት ገደማ እመቤቲቱ ሐልዋ የሚሉትን ጣፋጭ በሳህን ይዛ በረንዳ ላይ ወጣች። ከልቧ ደስ ብሏት "መብሩክ! መብሩክ!" እያለች እንኳን ደስ ያላችሁ ትለናለች። አማቴ የኩሽናውን ዓረብኛ ይችላሉ፤ ከባድ ነገር ሲሆን ግን በእኔ ነው የሚያናግሯት።

"ቲኬቱ ይቅር በላት።"

"እማማ፣ ትንሽ ቀን ያስቡበት።"

"ያላ፣ ንገራት።"

ነገርኳት። በተቻለኝ መጠን አለስልሼ፣ ለጊዜው አይሄዱም አልኩ። አማቴ ግን ሰሙኝ። "ለጊዜው አላልኩም" አሉኝና ራሳቸው ወደ እመቤቲቱ ዞረው "ሰፈር ኻላስ፣ ማማ" አሏት። ጉዞ የለም፣ አለቀ።

እመቤቲቱ "አልሐምዱሊላህ!" ብላ ጭንቅላታቸውን ይዛ ግንባራቸውን ሳመችው። እዚህ አገር ታላቅን የሚያከብሩት እንዲህ ነው። አማቴ ሐልዋው እንዳይፈስ ሳህኑን ወደ ጎን አርቀው ይዘው እስክትጨርስ ቆሙ።

አመሻሽ ላይ ባለቤቴ ደወለች። ከጀርባዋ ሙዚቃ ይሰማል።

"እማ ቲኬቷ መቼ ነው? ክፍሉን ቀለም አስቀብተነዋል እኮ።"

መሐላዬን አፈረስኩ። ስለ ወንበሩ፣ ገጥመው ስለያዙት ጉልበት፣ ስለ ቲኬቱ፣ ሁሉንም እንደሆነው ነገርኳት። ስጨርስ ከሙዚቃው ራቅ ወዳለ ቦታ ስትሄድ ሰማሁ፤ ዝናቡ አላባራም ነበር።

"አሁን ልደውልላት?" አለች።

በኩሽናው መስኮት አየኋቸው። የሐበሻ ቀሚሱን አውልቀው የቤቱን ወንዶች ነጭ ረጅም ቀሚስ፣ ዲሽዳሻውን፣ እየተኮሱ ነበር፤ ስልካቸው አጠገባቸው የለም።

"ሥራ ላይ ናቸው" አልኳት።