የውሰት ሙቀት

«ነይ ግቢ ላሚቱ፣ ደመናው ወረደ…»

እናኑ ከዚህ አታልፍም። ሁለተኛዋ ስንኝ ከእናቷ ጋር ትውልድ ቀዬዋ ሽንዲ ቀርታለች። በ«ደ» እንደምታልቅ ታውቃለች፤ የቀረውን በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች ትሞላዋለች። ያን ጧት ግን ዜማውን ያስጀመራት ልማድ ነው እንጂ ልቧ እዚያ አልነበረም። ልቧ መደቡ ላይ፣ ከምራቷ ከአልጣሽ ጎን በጋቢ ከተጠቀለለው ሕፃን ዘንድ ነበር። ሕፃኑ ወሩ ሳይሞላ ነው የተወለደው። እግሩ እንደ ወንዝ ጠጠር ቀዝቅዟል፤ ጡትም አልይዝ ብሏል።

ዘመኑ የጣልያን ነው፤ ጎጃም በሸፈተ ማግስት የመጣው ክረምት። ከቡሬ በላይ ባለችው በዚያች መንደር ሐምሌ ሲገባ ጉሙ ከሣር ክዳኑ ጋር ይሳሳማል፤ ፀሐይም እንደ ሩቅ ዘመድ አልፎ አልፎ ብቅ ብላ ትመለሳለች።

የእናኑ ቤት ድሮ ብርድ አያውቅም ነበር። ባሏ ከሞተም በኋላ በጋጡ በሬዎች፣ ላምና ጥጃ ያድሩ ነበር፤ ትንፋሻቸው ቤቱን እንደ ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። እሷም ሙቀቱን እንደ ወጥ ጨው ትመጥነው ነበር። ሲበርድ ላሚቱን ወደ መደቡ አስጠግታ ታስራለች፤ ሲወብቅ በሬዎቹን ወደ በሩ ታርቃለች፤ ፍሙን አንድ ጊዜ አመድ ታለብሰዋለች፣ አንድ ጊዜ ትገልጥለታለች። በክረምት እሷ ዘንድ የገባ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል። ልጇ የሽዋስ ጠመንጃ ይዞ ጫካ መግባቱ የተሰማ ጊዜ ግን ከቡሬ ምሽግ ወታደሮች መጥተው ከብቱን ነድተው ሄዱ። ከከብቱ ጋር ሙቀቱም ተነዳ።

«እማ፣ እስቲ ትንሽ ይማግዱት» አለች አልጣሽ።

«እንጨቱ ርጥብ ነው ልጄ። ጭስ ነው የሚሆነው።»

«ይሁን፤ እጁን ይንኩትማ!»

ነካችው፤ ማገደችም። ቤቱ በጭስ ታፈነ። ሕፃኑ እፍኝ በማትሞላ ደረቱ ሲስል ሁለቱም ሴቶች አብረው የሚስሉ መሰላቸው። በሩን ብትከፍተው ጭሱ ሳይወጣ ብርዱ ቀድሞ ገባ። እሳቱን አዳፈነችው፤ እግሩ ተመልሶ ቀዘቀዘ። ከትናንት ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነበር፤ መማገድ፣ መክፈት፣ መዝጋት፣ ማዳፈን። እህል በአፏ አልዞረም።

«ላም ነው የሚያሻን» አለች በመጨረሻ።

አልጣሽ ቀና አለች። በመንደሩ ላም የቀረው የማን ቤት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አያ ቸኮለ ቡሬ ወርደው ለጣልያን ገብተዋል፤ ከብታቸው የተረፈውም በዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ እናኑ ሰላምታ ነስታቸዋለች። መንገድ ላይ ሲያጋጥሟት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንደ ግንድ ታልፋቸዋለች።

የሣር ገሳዋን ደርባ በጭቃው ወጣች። ሽማግሌው ከበረታቸው ደጅ ቦይ ይቆፍራሉ።

«እንዴት አደሩ፣ አያ ቸኮለ።»

ዶማቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «እናኑ ነሽ? እኔስ ዲዳ ሆና ቀረች ብዬ አዝኜልሽ ነበር።»

«ዝናቡ አፌን ፈታው።»

«ዝናብስ አምናም ነበር።»

«አምና ላም ነበረኝ።»

ሽማግሌው ባዶ እጇን አዩ። «ወተት ከሆነ ቅል ይዘሽ አትመጭም ነበር?»

«ወተቱ ለእርስዎ ይሁን። እኔ የምሻው ጎኗን ነው። የልጅ ልጄ በርዶት ጡት አልይዝ ብሏል።»

«የየሽዋስ ልጅ?»

«የየሽዋስ።»

በጉሙ ውስጥ ባይታይም ወደ ቡሬ በኩል ተመለከቱ። «ላሜ ከሽፍታ ቤት ታስራ ብትገኝ እኔም እንዳንች ባዶ ጋጥ ታቅፌ እንደምቀር ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ቡሬ የወረድኩ ጊዜ በሰው ፊት ሰደብሽኝ።»

«ሰደብኩዎት።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ቃሌን አላጠፍኩም። ላሚቱን ግን ያውሱኝ።»

አያ ቸኮለ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «አፍሽስ ብርድ አልነካውም! በይ ገመዱን ያዥ። ቦቂት ትባላለች፤ ባዳ አትወድም፤ ከኋላ ሆኜ እነዳልሻለሁ።»

ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦቂት እስከ ደጃፉ በሰላም መጣች። ገብታ ከመደቡ አጠገብ ስትታሰር ግን ሌላ ላም ሆነች። እምቧ አለች፤ ረገጠች፤ ገመዷን ጎተተች። አልጣሽ ሕፃኑን አቅፋ ወደ ግድግዳው ተለጠፈች።

«አያ ቸኮለ! ይግቡና ያረጋጉልኝ!»

«ነገ ሥላሴ ነው፤ አራስ ቤት ገብቼ ነገ እንዴት ቤተ ክርስቲያን እቆማለሁ?» አሉ ከውጭ።

«እንግዲያ ከዚያው ሆነው ያናግሯት! ሲያልቧት ምን ይሏታል?»

ሽማግሌው ያፈሩ ይመስላል። ከዚያ ከክዳኑ ጫፍ ሥር፣ ውሃው እየተንጠባጠበባቸው፣ በተሰነጠቀ ድምፅ ጀመሩ፤

«ነይ ግቢ ላሚቱ፣ ደመናው ወረደ፣
እንጨት የሌለበት ምድጃ ነደደ።»

የቦቂት ጆሮዎች ወደ ግድግዳው ዞሩ። እናኑም ገመዱን እንደያዘች ቀረች። የእናቷ ስንኝ ይቺ ነበረች? አይመስላትም፤ የእናቷ ላይ እንጨት አልነበረም፤ ሽማግሌው ራሳቸው ገጥመዋት ይሆናል። ቦቂት ግን ሌላ ስንኝ አላማራትም። ሦስቴ ሲደግሙላት እግሯን አጥፋ ተኛች፤ ማመስኳትም ጀመረች።

አሁን የቀረው የሙቀቱን ልክ ማግኘት ነበር። ጎኗ ከመደቡ ጋር ሲገጥም ጥቂት ቆይቶ ሕፃኑ ፊቱ ቀላ።

«እማ፣ ኧረ ወበቀን!»

እናኑ ጋቢውን ከላዩ ላይ ገለጥ አደረገች። ከግድግዳው ስንጥቅ ነፋስ ገባ፤ ገለባ ወተፈችበት። በሩን በስንዝር ከፈተችው፤ በዛ፤ መለስ አደረገችው። ከፍሙ ላይ አመዱን በጣቷ ጫፍ ገለጠችና ግማሹን መልሳ አለበሰችው።

«አሁንስ?»

«ጀርባዬን ትንሽ ነፋስ… አዎ፣ አሁን ደኅና ነው።»

«ጨረሳችሁ ወይስ እዚሁ ልብቀል?» አሉ አያ ቸኮለ።

እናኑ ወደ መደቡ ጎንበስ አለች። የሕፃኑን ውስጥ እግር ከከንፈሯ ጋር አገናኝታ ጠበቀች። ጠጠር መሆኑ ቀርቷል። አልጣሽ ጡቷን አቀረበችለት። አፉን አዞረ፤ እንደገና አዞረ፤ ከዚያ ያዘ። ሲውጥ ድምፁ ከቦቂት ማመስኳት መሐል ቀጭን ሆኖ ተሰማ።

«ያዘ፣ አያ ቸኮለ!»

«ተመስገን! ይኸውልሽ፣ ወታደር ቢመጣ ሰርቃኝ ነው እላለሁ።»

«ይበሉ። ልጄ ሽፍታ ተብሎ የለ? እኔም ሌባ ልባል።»

ሽማግሌው እየሳቁ፣ ያቺኑ ስንኝ እያንጎራጎሩ በጭቃው ራቁ። እናኑ ከመሶቡ የዳጉሳ እንጀራ አወጣች፤ የቀዘቀዘ ጎመን ጣል አደረገችበት። በርጩማውን ስባ ጀርባዋን ለላሚቱ ሰጥታ ተቀመጠች። ሙቀቱ ከወገቧ ጀምሮ ወደ ትከሻዋ ወጣ። አማተበችና ቆርሳ ጎረሰች።