የጋሼ ይርጋ ነጭ ኩታ

ከባለቤቴ ከአስረስ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ሥራ ኩታ መጭመቅ ነበር። ትልቁን ነጭ ኩታ በእንዶድ አጥቤ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቄ ስጨርስ እሱ አንዱን ጫፍ እኔ ሌላውን ይዘን ግቢው መካከል ፊት ለፊት ቆምንና ጠመዘዝነው። ውሃው ድንጋዩ ላይ ይንጠባጠባል። «ቀስ በይ እንጂ፣ ክንዴን ልትገነጥዪው ነው» አለኝ። «አንተ ነህ የላላኸው፤ ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አልኩት። ገመድ ላይ ሰጣነውና ገብተን ምሳችንን በላን። በማግስቱ ጠዋት ደጃፉ ላይ የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ሐኪም ቤት አደረስነው፤ ወደ ቤቱ አልተመለሰም።

ኩታው ገመዱ ላይ ቀረ። ለቀስተኛው ሲገባና ሲወጣ፣ ኩታው በዝናብ ሲርስና በፀሐይ ሲደርቅ ሰነበተ። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ወጥቼ አወረድኩት። የአስረስን ሽታ ፈልጌ ፊቴን ቀበርኩበት። የሸተተኝ እንዶድና እርጥብ ጥጥ ነው፤ የእሱ ሽታ አልነበረም። የጋሼ ይርጋ ፎቶ ቤት ሽታ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሌን ላስብ በተቀመጥኩ ቁጥር ቀድመው የሚመጡብኝ እኚያ ሽማግሌ ናቸው።

ጋሼ ይርጋ በልጅነቴ ጎረቤታችን ነበሩ። ፎቶ ቤታቸው ደባርቅ ላይ፣ መኪኖች ሊማሊሞን ከመውረዳቸው በፊት ፍሬናቸውን የሚያስፈትሹበት መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። በሯ ሰማያዊ ነው። ከውስጥ ግድግዳው ላይ ፏፏቴ ተስሏል፤ ከፏፏቴው አጠገብ ፎቅ ቤት፣ ከፎቁ አጠገብ ዋልያ። ዋልያው ከፎቁ ይበልጣል። ከኋላ መስኮቷ በጥቁር ብርድ ልብስ የተደፈነ ጠባብ ጓዳ አለች። ቀይ ላስቲክ የተጠቀለለበት ፋኖስ ተሰቅሎባታል፣ ፎቶ የሚታጠብባቸው የቆርቆሮ ሳህኖች ተደርድረውባታል፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ትሸታለች። ጋሼ ይርጋ በጋም ክረምትም ያን ካፖርታቸውን እንደለበሱ እዚያ ይገቡና ሲወጡ ዓይናቸውን እያርገበገቡ «እንዴት አመሻችሁ» ይሉናል። ገና ጠዋት ነው።

ከትምህርት ቤት መልስ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ማየት አበዛሁ። አንድ ቀን «ዝም ብለሽ ከምትገተሪ ይቺን ያዢልኝ» ብለው በእንዶድ ታጥቦ ገና ያልደረቀውን ይህንኑ ነጭ ኩታ ሰጡኝ። ከበሩ የሚገባው ብርሃን የሰውን አንድ ጉንጭ ብቻ ያበራል፤ ሌላው ጉንጭ ጨለማ ነው። ኩታው በጨለማው በኩል ሲዘረጋ ብርሃኑን ይቀበልና ወደ ፊቱ ይመልሰዋል። ፎቶ ማንሳት መማር ማለት ካሜራ መያዝ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን ካሜራውን ሳያስነኩኝ ዓመቱን ሙሉ ኩታ አስያዙኝ። ክንዴ ሲዝል ኩታው ዝቅ ይላል። «አንቺ፣ ሰውዬው መሸበት እኮ» ይሉኛል። ቀና አደርገዋለሁ። «እንዲህ ነው፤ አሁን ነጋለት።»

ደንበኛ የጠፋ ቀን በርጩማ ላይ እንቁላል ያስቀምጡና ከፊቱ ያስቀምጡኛል።

«ምን ታያለሽ?»

«እንቁላል።»

«እንቁላሉንማ ዶሮዋም ታየዋለች። ብርሃኑ ከየት ጀምሮ የት ላይ ያልቃል?»

ፀሐይዋ በበሩ ስታልፍ ጥላው በእንቁላሉ ላይ ቀስ እያለ ሲዞር አያለሁ። «ፊትም እንዲሁ ነው» ይላሉ፤ «ወደ ብርሃን ካላዞርሽው ግማሹ የለም።» ሌላ ቀን የተበላሸ ፊልም ሰጥተው እጆቼን ጋቢያቸው ውስጥ አስገብቼ፣ ሳላይ፣ በዳሰሳ ብቻ እንድጠቀልለው ያደርጉኛል። እኔ ፊልሙን አጣምሜ ስጨነቅ እሳቸው ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ ቀና ብለው አያዩኝም። ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ወጥቶ መንገዱን ሲሸፍነው ሰው ሁሉ በሩን ይዘጋል፤ እሳቸው ወለል አድርገው ይከፍታሉ። በጉም ቀን ጥላ የለም፤ ጉንጭ ሁሉ እኩል ይበራል። «ዛሬ ክንድሽን አሳርፊ፤ እግዜር የራሱን ኩታ ዘርግቷል» ይሉኛል።

ካሜራውን መጀመሪያ የያዝኩት ከአምቢኮ መንደር የመጡ አንዲት ባልቴት ላይ ነው። ሰሊጥ ለማጨድ ሁመራ ለወረደ ልጃቸው ፎቶ መላክ ፈልገው ነበር። እኔ የተማርኩትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ላሳይ ብዬ ተጠጋሁ፤ ትንፋሼን ይዤ፣ ዓይናቸው ላይ አነጣጥሬ ተጫንኩ። ጓዳ ውስጥ ፊታቸው ከውሃው ቀስ እያለ ሲወጣ፣ የዓይናቸው ዳር መስመር ሳይቀር ሲታይ፣ ጋሼ ይርጋን ጠራኋቸው። እሳቸውም አዩትና ሳል አሉ።

በገበያ ቀን ባልቴቷ ተመለሱ። ፎቶውን ተቀብለው አዩ፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«የቀረውስ?»

«እማማ፣ ይኸው ፊትዎ» አልኳቸው።

«ፊቴንማ ያውቀዋል። እግሬን የት ጣልሽው? ታማለች ብለው ነግረውብኛል። በእግሬ መቆሜን ይይ ብዬ እንጂ ይህን ዳገት ምን አስወጣኝ? ይህን ብልክለት አልጋ ላይ ናት ብሎ ሥራውን ጥሎ ይመጣል።»

ጋሼ ይርጋ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ይተዋት እማማ፣ ጀማሪ ናት። እግርዎን መንገድ ላይ አስቀርታው ነው፤ አሁን ታመጣዋለች» አሉ። ፏፏቴው ፊት አቆምናቸው። የጫማቸውን ጭቃ በዱላቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው ዱላውን ለእኔ ሰጡኝና ያለ ድጋፍ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከነእግራቸው አነሳኋቸው። የመጀመሪያውን ፎቶ ጋሼ ይርጋ ሳይጥሉ ከሳጥናቸው ከተቱት። ባልቴቷ ያረፉ ጊዜ ልጅዬው ለለቅሶ የሚያዝ ፎቶ ፍለጋ መጣ። የእናቱ ፊት በደንብ የሚታየው በዚያ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ብቻ ነበር። ጋሼ ይርጋ አውጥተው አሳድገው ሰጡት። «ለኑሮ እግር፣ ለለቅሶ ፊት ያስፈልጋል» አሉኝ።

እሳቸውም በጊዜያቸው አረፉ። ካሜራው፣ ኩታውና የፊልሙ ሳጥን ለእኔ ቀሩ። ቤቷን ይዤ ቆየሁ፤ ፊልም ቀርቶ ኮምፒውተር መጣ፣ ፏፏቴው በቀለም ተሸፈነ፣ በሩ ግን ሰማያዊ ነው። አስረስ ያኔ ደባርቅና ዛሪማ መካከል የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ጉልበቱ ሲደክም መኪናውን ተወና ከእኔ ጋር ዋለ። ኩታውን መያዝ የእሱ ሥራ ሆነ። ክንዱ አይዝልም፤ ጫፍና ጫፉን ይዞ ከፊቱ ይዘረጋና ከኋላው ይሰወራል። ፎቶ ላነሳው ስል «ፊቴን በየቀኑ ታዪው የለ፤ ደግሞ በወረቀት ምን ያደርግልሻል?» ይለኛል። «ለፋሲካ»፣ «አዲስ ሸሚዝ ስገዛ»፣ «ጢሜን ስላጭ» እያለ ያልፈዋል። እኔም አልፈው ነበር።

ለቅሶው ላይ እህቱ ጥሩዬ እየተጣደፈች መጣች። «ፎቶውን አምጪው፤ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል» አለችኝ። ባዶ እጄን ስታይ ገባት። «የፎቶ ቤት ባል ያለ ፎቶ?» ብላ ከበሩ ሥር ተቀመጠች። የእህቴ ልጆች ስልካቸውን ሁሉ ፈተሹ፤ ሠርግ ላይ ፊቱን ሲያዞር፣ በሰው ትከሻ ሲጋረድ ብቻ ነው ያለው። የቀረው የቀበሌ መታወቂያው ነበር። ማኅተሙ አፉ ላይ አርፏል። አሳደግኩት፤ ማኅተሙም አብሮት አደገ። ያን ተሸክመው ወጡ። አንዲት አልቃሽ አየችውና «አስረስ አይናገር፣ አፉን ማን አተመው» ብላ ሙሾ አወረደች። ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ጉንጩን ከማኅተሙ ክብ ሥር ለመለየት እየሞከርኩ ነበር።

አስረስ ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር ጋሼ ይርጋ ዘንድ ፎቶ እንደተነሳ አንድ ጊዜ አጫውቶኛል። ከተዝካሩ በኋላ የፊልሙን ሳጥን ከፈትኩ። ማንም ተመልሶ ያልወሰደው ሁሉ እዚያ ነበር፤ ወታደሮች፣ ሙሽሮች፣ ከዳባት አካባቢ ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት ሽማግሌውም ሕፃኑም ሳይቀር ተሰልፈው የተነሱ ቤተሰቦች። ፊልሞቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። በለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፌ ላላቅቃቸው ሞከርኩ። ፊቶቹ እንደ ወተት ስልባቦት ተንሸራተው ሳህኑ ላይ ቀሩ። አንዱ ልጅ እሱ ሊሆን ይችላል፤ አላውቅም። ያ የምንወደው ጉም በየክረምቱ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ኖሯል።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ለደንበኛ ከመስጠቴ በፊት ዳር ዳሩን እቆርጣለሁ፤ ያልተቆረጡት ግን ተቀምጠዋል። በየፎቶው ጠርዝ ነጭ ኩታ አለ። ከኩታው በላይ የአስረስ ጣቶች፣ ከኩታው በታች የአስረስ እግሮች። አንደኛው ሸራ ጫማ ማሰሪያው ከጠፋ ጀምሮ በማዳበሪያ ከረጢት ክር የታሰረ ነው። በስንት ሰው ሠርግና ምርቃት ላይ ቆሟል። እኚያ የአምቢኮ ባልቴት ቢያዩት «ይኸው በእግሩ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን የምፈልገው ፊቱን ነው። የእንቁላሉ ጥላ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ እናገራለሁ። የአስረስ ፊት ላይ ብርሃኑ በየት በኩል ያርፍ እንደነበር ግን እየጠፋኝ ነው። ሁልጊዜ ብርሃኑን የሚሰጠው እሱ ነበር፤ ለእሱ ግን ማንም ኩታ አልዘረጋለትም።

ፎቶ ቤቷን ዘግቼ አልቀረሁም። ሰው ሲመጣ አንድ ጊዜ ከነእግሩ፣ አንድ ጊዜ ፊቱን ብቻ አነሳለሁ፤ አንዱን ባይፈልገውም አስቀምጥለታለሁ። ኩታውን ወንበር ጀርባ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ መልሼ አወጣዋለሁ። ሲቆሽሽ በእንዶድ አጥበዋለሁ። አንዱን ጫፍ ከሰማያዊው በር እጀታ ላይ አስሬ ሌላውን እጠመዝዛለሁ።