«ጨረስኩ» ያልኩ ጊዜ

የግሪክኛ ፈተናውን አስረክቤ እንደወጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ አባቴ ጋ መደወል ነበር። ዲላ ያለው ሴሚናሪያችን ግቢ ውስጥ ስልክ ደህና አድርጎ የሚሠራው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከመመገቢያ አዳራሹ ጀርባ፣ የውሃ ታንከሩ ሥር። እዚያ ደግሞ ሁልጊዜ ሰልፍ አለ። ከፊቴ የነበረው ወንድም ለእጮኛው ሮሜ ስምንትን ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ እየሰበከላት ነበር። «ኧረ ወንድሜ፣ ለሠርጉም ትንሽ አስቀርላት!» ስለው በነገር ዓይን አየኝና ወደሚቀጥለው ቁጥር አለፈ።

ተራዬ ሲደርስ «አባዬ፣ አንደኛ ዓመትን ጨረስኩ!» አልኩት። እቤታችን የምናወራው በጌዴኦኛ ነው። የትምህርት ወሬ ሲነሳ ግን ሁላችንም ሳናስበው ወደ አማርኛ እንዞራለን። ፈተና፣ ውጤት፣ ማለፍ፣ መጨረስ፣ አባቴ እነዚህን ቃላት የለመዳቸው በአማርኛ ነው። «ጨረስሽ?» አለኝ። «ጨረስኩ!» አልኩት እየጮህኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቅዳሜ ነይ» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ ክረምት የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እንቅልፍ። ዓመቱን ሙሉ ስምንት ሴቶች በአንድ ክፍል ነው የከረምነው። ከበላዬ የምትተኛው እህት ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ስትጸልይ ተደራራቢው አልጋ አብሯት ይጸልይ ነበር፣ እኔ ደግሞ ታች ሆኜ ጥርሴን እነክሳለሁ። አንድ ሳምንት ጥግብ ብዬ እተኛለሁ፣ ከዚያ ለጥቂት ያለፍኩትን ግሪክኛ እንደገና አጠናለሁ፣ እሁድ እሁድ አጥቢያችን ውስጥ አገለግላለሁ። ዕቅዴ ይኸው ነበር። አንድ ወረቀት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ የአጥቢያችን ሽማግሌዎች በየዓመቱ የሚጽፉት የድጋፍ ደብዳቤ። ያ ደብዳቤ ከሌለ ሁለተኛ ዓመት የሚባል ነገር የለም። አጥቢያችን የሚልከው በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ከላካቸው ውስጥ ሴት እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ፤ ትምህርቱ ደግሞ አራት ዓመት ነው።

ቅዳሜ በሚኒባስ ይርጋጨፌ ወረድኩ። ከይርጋጨፌ ወደ መንደራችን ወደ ኢዲዶ ሞተር ያዝኩ። ሰኔ ስለሆነ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ነው፣ ሁለት ጊዜ ወርጄ በእግሬ ተራመድኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስወርድ ባለሞተሩ ዞር ብሎ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ተመረቅሽ አሉ!» አለኝ።

«ማነው ያለው?»

«ሰው ሁሉ ነዋ።»

«አልተመረቅኩም። አንደኛ ዓመት ነው የጨረስኩት።»

«ዋናው መጨረሱ ነው» አለና ሞተሩን አስነሳ።

ሳቅኩበት። ቤት ስደርስ ግን ሳቄ ጥርሴ ላይ ደረቀ። ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። የቤተ ክርስቲያኑ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከድንኳኑ አፍ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፦ «ወንጌላዊት እህታችን፣ እንኳን ለምረቃህ አበቃህ!» መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለቱን «ህ» አንድ ሰው አይቷቸው በማርከር «ሽ» ሊያደርጋቸው ሞክሮ፣ አንዱ ተሳክቶለት አንዱ ተበላሽቶበታል። እኔ ደግሞ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ሻንጣዬን እንደያዝኩ ከባነሩ ሥር ቆሜያለሁ። ወይ ጉድ!

እናቴ እልል እያለች ወጣች። ስማኝ ሳትጠግብ ከክንዷ ላይ ልብስ አንስታ ልታለብሰኝ ጀመረች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ የመዘምራን ጋውን ነው።»

«ለፎቶ ነው።»

«ሰማያዊ ነው እኮ!»

«ከሩቅ ጥቁር ነው» አለች። ቆቡን ደግሞ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዋ ከሳሙና ካርቶን ቆርጣ፣ ጥቁር ጨርቅ አልብሳ ሠርታዋለች። መንጠልጠያ ክር ሳይቀር አለው። ልፋታቸውን አይቼ ላልቅስ ወይስ ልጩህ፣ ግራ ገባኝ።

አባቴን ጓሮ አገኘሁት፤ ለሥጋው ማቅረቢያ የእንሰት ቅጠል ይቆርጣል።

«አባዬ፣ እኔ አልጨረስኩም።»

«ጨረስኩ አላልሽኝም?»

«አንደኛ ዓመትን!»

«እሱን ነዋ።»

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ድንኳን ምንድነው?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ሰው እየመጣ ነው፣ ሂጂ ልበሺ» አለኝ።

ልቤን አወለቀው። ለአባቴ አንድ ዓመትና አራት ዓመት አንድ ነው ማለት ነው? ኔትወርኩን ረገምኩ፣ ራሴን ረገምኩ፣ ጨረስኩ የሚለውን ቃል ረገምኩ። «ዘለቅኩ» ብል ምን ነበረበት? «ተሻገርኩ» ብል ምን ነበረበት? ዓመቱን ሙሉ ቃል እንዴት እንደሚፈታ ስማር ከርሜ አንዲት ቃል ለገዛ አባቴ ማስረዳት አቃተኝ። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ጳውሎስን ለሕዝብ የማስረዳው! እየተነጫነጭኩ ሰማያዊውን ጋውን ለበስኩ።

ሰው ግጥም ብሎ ሞላ። መዘምራን ዘመሩ፤ የአንዷ ጋውን እኔ ላይ ስለሆነ እሷ በነጠላ ነው የዘመረችው። እናቶች እየመጡ ግራ ቀኝ ሳሙኝ። «ተመስገን፣ እንግዲህ እዚሁ ነሽ» ይሉኛል። «አይ፣ መስከረም እመለሳለሁ» ስላቸው ጭንቅላቴን ይዳብሱኛል፤ ቆቡ ይወድቃል፤ አነሳዋለሁ።

ከዚያ የሽማግሌዎች ሰብሳቢያችን ወረቀት ይዘው ተነሱ። እርጋታ ያላቸው፣ ከተናገሩ የሚደመጡ ሰው ናቸው። «እህታችን ትምህርቷን በድል አጠናቃ መጥታለች» አሉ። «አሜን!» አለ ሕዝቡ። «ከእንግዲህ የሴቶችንና የሕፃናትን አገልግሎት ትመራልናለች።» «አሜን!» «ለመጪው ዓመት ደግሞ ተራውን ለሌላ ወንድም ሰጥተናል።» «ሃሌሉያ!» ሦስተኛው ረድፍ ላይ ኮት የለበሰ ወጣት ተነሥቶ እጅ ነሳ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ድንኳኑ የምረቃ ብቻ አይደለም፣ ከትምህርቱ የመሸኛዬም ነው። ደብዳቤዬ ኮት ለብሶ ቆሟል። ደሜ ፈላ። ሰብሳቢው ቃል እንዳካፍል ማይኩን ሰጡኝ።

«ጌታ ይባርካችሁ» አልኩ። «አሜን» አሉ። «እኔ አልጨረስኩም። ገና ሦስት ዓመት ይቀረኛል።»

ከኋላ አንድ ሰው ብቻ በልማድ «አሜን!» አለ። በኋላ አልሰማንም እንዳይሉኝ ያንኑ በጌዴኦኛ ደገምኩት። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩና «ትሕትናዋን አያችሁ?» አሉ። ሰዉ ሳቀ።

«ትሕትና አይደለም አባባ፤ ሬጅስትራሩን ይጠይቁ። ደብዳቤዬን ጻፉልኝ፣ መስከረም ልመለስ።»

ሳቁ ቆመ። «እናየዋለን» አሉ ሰብሳቢው። እኛ አጥቢያ ውስጥ ላደገ ሰው «እናየዋለን» ማለት ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ እምቢ ማለት ነው፣ በጨዋ ቋንቋ። «ጸሎት ይደረግና ምግብ ይቅረብ» ብለው ተቀመጡ።

ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ቆጮና ሥጋውን በላ። ከጀርባዬ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር። «ለካ ሳትጨርስ ነው የመጣችው?» አለች አንደኛዋ። «አቋርጣ ነዋ» አለች ሁለተኛዋ። «ምን ሆና ይሆን?» ዞሬ ላፈጥባቸው ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባቴ ድንኳኑን ማፍረስ ጀመረ። እኔም ውስጤ የታመቀውን ሁሉ አወረድኩበት። በሰው ፊት እንዴት መሳቂያ ታደርገኛለህ አልኩት። አንደኛ ዓመት ብዬ በአማርኛ ነገርኩህ፣ በምን ቋንቋ ልንገርህ አልኩት። ቢቸግርህ መልሰህ አትደውልም ነበር አልኩት። እስክጨርስ ጠብቆኝ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

«ሰምቼሻለሁ» አለኝ። «አንደኛ ዓመት ስትይ በደንብ ሰምቼሻለሁ።»

ቆቡን ከጭንቅላቴ አወረድኩ።

«ሰብሳቢው ግንቦት ላይ እዚህ መጥተው ነበር። ለሴት ልጅ አንድ ዓመት ይበቃታል፣ ተራው የሌላ ነው አሉኝ። ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄጄ ለመንኳቸው፣ አልሆነም። መስከረም ሲመጣ እዚህ መቅረትሽ ነው። ያኔ ሰው ምን ሊልሽ ነው? አቋረጠች። አባረሯት። ሌላም ሌላም። አቋረጠች ከሚሉሽ ጨረሰች ይበሉሽ ብዬ ነው። ሌላ ምን ላደርግልሽ እችላለሁ?»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከእኔና ከአባቴ «ጨረስኩ» የሚለው ቃል ያልገባኝ እኔ ነበርኩ ለካ። አባቴ ስሜን ሊሸፍንበት የደከመበትን ነገር በማይክ፣ በሁለት ቋንቋ ቀድጄ ጣልኩት። አፈርኩ። እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ ጋውኑን አፍንጫዬን ጠረግኩበት፤ የሰው ጋውን መሆኑ እንኳን ትዝ አላለኝም።

«አሁን ምን ይሻላል?» አልኩት።

«አሁንማ ተናገርሽው» አለ። «ሦስት ዓመት እንደሚቀርሽ ጉባኤው በሙሉ ሰምቷል። ክረምቱን እሁድ እሁድ ታገለግያለሽ፣ ከአገልግሎት በኋላ እኔና አንቺ ሰብሳቢው ደጅ ሄደን እንቀመጣለን። ዝናብም ቢሆን እንቀመጣለን። እናየዋለን ብለዋል፣ ይዩን።»

ተነሥቶ የድንኳኑን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ንዴቴ ግን ተመልሶ መጣ፤ የዛሬው አልነበረም፣ የግንቦቱ ነበር። እኔ ታንከሩ ሥር ተሰልፌ ስለ እንቅልፍ ሳስብ እሱ ብቻውን ሰው ደጅ ይለምን ነበር።

«ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ፈተና ላይ ነበርሽ» አለኝ።